ዝናብ የማይችል ደጋፊ

በደርግ ጊዜ ነው። የሞርሲቶ ከተማው ልጅ ጴጥሮስ የሂሳብ መምህር ሆኖ ሆሳዕና ሲመደብ፣ ልቡ በሁለት ነገር ተሰረቀ፤ በላይ ሰፈር የኳስ ቡድንና በጣቢታ። ጣቢታ የአቶ ሳህሉ ልጅ ናት። አቶ ሳህሉ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከሁሉም በላይ ግን የገበያ ሰፈር ቡድን ቀንደኛ ደጋፊ! ጴጥሮስ አማላጅ ሽማግሌ ላከ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«የላይ ሰፈር ደጋፊ ዝናብ ሲመጣ ቡድኑን ጥሎ ይሮጣል። ዝናብ ያልቻለ ትዳር ይችላል? ልጄን አልሰጥም!»

ወይ ጉድ! ሰው በሀብት ይናቃል፣ በዘር ይናቃል፤ በዝናብ? ጴጥሮስ በገነ። በቀጥታ አቶ ሳህሉ ሱቅ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄ በግምት አይሆንም። ዝናብ ሲመጣ ከእኛ ደጋፊ ከመቶ ስንቱ ይወጣል፣ ከእናንተስ? ልዩነት ቢኖር እንኳ የአጋጣሚ ነው ወይስ የእውነት? ይህን የሚፈትን ስታቲስቲክስ የሚባል ትምህርት አለ» አላቸው።

«ፈትነህ አሳየኛ! ከተሳሳትኩ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ» አሉት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ጴጥሮስ አቋራጭ ያገኘ መስሎት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሳ። የሁለቱም ሰፈር ሰው አዳራሹን ሞልቶታል።

«ዝናብ ሲመጣ ከሜዳ የማይወጣ እጁን ያውጣ!»

ሰዉ ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አወጡ። አዳራሹ በሙሉ አወጣ።

«እሺ፣ የሚወጣስ?»

በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ሊያኩ እጃቸውን አነሱ። አዳራሹ አሁንም በሙሉ ድምፅ! ከኋላ የተቀመጡት እትዬ እልፍነሽማ እያንቀላፉ ነው ያወጡት። በዚያ ዘመን እጅ ማውጣት ማንን ይቸግራል? ማውረዱ እንጂ!

እንግዲህ የቀረው በዓይን አይቶ መቁጠር ነው። ሁለቱ ቡድኖች በክረምት ሲጋጠሙ፣ ጨዋታው ሳይጋመስ ዶፍ ወረደ። ሜዳው በአጥር የተከበበ፣ በሩም አንድ ብቻ ነው። ጴጥሮስ የእንሰት ቅጠል ራሱ ላይ ይዞ ወጣና የሚወጣውን ሰው በየሰፈሩ ለይቶ ሊቆጥር ከበሩ ውጭ ቆመ።

ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚወጣ የለም። ደጋፊው ሁሉ እንደሱ ቅጠል ተከልሎ ሜዳው ዳር ይጮሃል። ውጭ፣ ከበሩ በወዲያኛው ጎን ግን አንድ ሰው ፊቱን በእንሰት ቅጠል ሸፍኖ ቆሟል።

ቅጠሉ ከፍ አለ። አቶ ሳህሉ!

«ከላይ ሰፈር ስንት ሰው ወጣ?» አሉት።

ጴጥሮስ «ማንም» ሊል አፉን ከፈተና የቆመበትን አየ። ክው አለ። ወይኔ ጣቢታ! በገዛ እግሩ አጣት።

«አንድ። እኔ» አለ።

«አላልኩም!»

«እርስዎስ ጋሼ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እንዳታጭበረብር ልጠብቅህ ነዋ! ገና ዝናቡ ሲጀምር ነው የወጣሁት!»

ይህን ካሉ በኋላ አቶ ሳህሉ አፋቸውን ያዙ።

«ከገበያ ሰፈርም አንድ» አለ ጴጥሮስ ቀስ ብሎ።

አቶ ሳህሉ መጀመሪያ ኮስተር አሉ፣ ከዚያ ግን አልቻሉም፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ታዲያ ያ ስታቲስቲክስህ ምን ይላል?»

«ልዩነት የለም ይላል።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎችህን ላክ። ጣቢታ ከጠየቀችን ግን እስከ መጨረሻው ሜዳ ውስጥ ነበርን፣ ሰማህ?»

ወዲያው ከአጥሩ ውስጥ ጩኸቱ ቀለጠ። ጎል! ማን አገባ? ሁለቱም ተያዩ።

«ስንት ለስንት አለቀ ብትለንስ?» አለ ጴጥሮስ።

አቶ ሳህሉ ቅጠላቸውን ጣሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ሜዳው በጭቃው ሮጡ።

«ና እንጂ! ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ አማቼ!»