ከዓይኔ እስከ ጥርሳቸው

2

ጋሽ ይመር አፍ ውስጥ የምገባው ጫማዬን አውልቄ ነው። በሕልሜ ማለቴ ነው። ድዳቸው ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ጥርሶቻቸው ከእኔ ይረዝማሉ፤ በመካከላቸው የጦሳ ተራራ ጉም ይመላለሳል። ከጉሮሯቸው በኩል መንዙማ ይሰማኛል። የተሰበረው የፊት ጥርስ ጋ ስደርስ ቀና ማለት ያምረኛል፤ ላንቃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ አልችልም።

ከዚያ እነቃለሁ። አንገቴ ግን እንደጎበጠ ነው።

3

ቁጥር አንድን የምትፈልጉ ታገሡ፣ መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። በተርታ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። እኔ ሰዓዳ፣ ደሴ ውስጥ ጥርስ የማክም ሴት፣ ዓለምን የማየው በቁራጭ በቁራጭ ነው፤ መንጋጋ፣ ድድ፣ ሥር። ሙሉ ሰው የማየው ታካሚዬ ተነሥቶ ሲወጣ ነው፣ እሱንም ከጀርባው።

4

ሐኪምም ሐኪም ቤት ይሄዳል።

ሐኪሙ፦ ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ ንገሪኝ።

እኔ፦ እሺ።

 

 

እኔ፦ ጀምር እንጂ።

ሐኪሙ፦ ትንሿን ጣትሽን ሦስቴ ነክቻታለሁ።

ዓይኔን ስገልጥ መርፌው አሁንም ጣቴ ላይ ነበር። ከአንገቴ ወደ እጄ የሚወርደው ነርቭ ተጭኗል አለኝ፤ የዓመታት ማጎንበስ ነው። ቀና ብለሽ ሥሪ፣ አለበለዚያ ቀኝ እጅሽን ታጪዋለሽ። ስሜቱ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለ።

ፈራሁ። ከጥርስ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

5

መፍትሔው አጉሊ መነጽር ነው ተባለ። ሁለት ትንንሽ ቱቦ አለው፤ ጥርሱን ወደ ዓይን ያቀርባል፣ አንገት መውረድ አይኖርበትም። ለዚህ መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል። እንዲህ ነው፦

ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ።

ረዳትሽን ሲስተር ትርንጎን በታካሚ ቦታ አስተኚያት። አፏን ትክፈት።

የመነጽሩ ሻጭ ከዓይንሽ እስከ ጥርሷ ሜትር ይዘረጋል። መነጽሩ አጥርቶ የሚያየው በዚያ ርቀት ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሣ ሲል ቀጥ ይላል። አንቺ ግን ሰውየውን እንዳታታልዪ እንደ ዘወትርሽ አጎንብሺ።

ምን ላድርግ፣ ሐቀኛ ነኝ።

6

መነጽሩ መጣ። አቤት ማማሩ። የጋሽ ይመር የጥርስ ሥር እንደ ጉድጓድ ተከፍቶ ታየኝ፤ ከታች የሆነ ነገር ያበራል። ታካሚዬ ጋሽ ይመር መንዙማ አውጪ ናቸው። የፊት ጥርሳቸው ከተሰበረ ወዲህ ድምፃቸው በክፍተቱ እየሾለከ አስቸግሯቸው ሰው ፊት ማዜም ትተዋል። እኔ ላድናቸው ነበር። እዚያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። መሣሪያው ከጣቴ ሾልኮ ወለሉ ላይ ሲጮህ ነው የባነንኩት።

7

ትርንጎ፦ እስቲ ቀና በይ።

እኔ፦ ቀና ስል ይደበዝዛል።

ትርንጎ፦ ምኑ?

እኔ፦ ሁሉም።

ጋሽ ይመር፦ አአ።

(አፋቸው እንደተከፈተ ነው።)

8

ቀና።

ጉም።

ጎንበስ።

ጥርስ።

ቀና።

 

ጉም።

9

አዲስ አበባ ድረስ ልኬ ያሠራሁት የገዛ ጉብጠቴን ነበር። ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስሁ፣ ጋሽ ይመር አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ትርንጎ ጥጡን ከአፋቸው አወጣችላቸው።

«እኔ አልቸኩልም ልጄ» አሉ። «ከጥርሴ እጅሽ ይበልጥብኛል።»

10

ሻጩ ተመልሶ መጣ። አሁን የተኙት ጋሽ ይመር ናቸው፤ ትርንጎ ከኋላዬ ቆማ መዳፏን ጀርባዬ ላይ ለጥፋለች። ለመጎንበስ ባሰብኩ ቁጥር መዳፏ ይገፋኛል። ሜትሩ ከዓይኔ እስከ ጥርሳቸው ተዘረጋ። ከበፊቱ ብዙ ራቀ።

በአዲሱ መነጽር ጥርሳቸውን ጨረስኩ። ዓይናቸው ቡናማ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ርቄ አይቻቸው አላውቅም። ከወንበሩ ሳይነሡ ቀስ ብለው አዜሙ። ድምፃቸው አልሾለከም። በመስኮቱ ጉሙ ገባ፣ እኔም ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ሰማኋቸው። ደስ አለኝ፤ ቀኝ እጄ ግን ጭኔ ላይ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

1

ጠዋት ነው። ታካሚ ገና አልገባም። ክረምቱን ሙሉ በአዲሱ መነጽር ቀና ብዬ ሠርቻለሁ።

ትርንጎ ባለ ሹል ጫፉን መሣሪያ ይዛ ፊቴ ተቀምጣለች። ቀኝ እጄን ሰጠኋት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ትርንጎ፦ ነክቼሻለሁ?

እኔ፦