የቡላው ፈረስ ምርቃት

ያለ ምርቃት የተገዛ ከብት ቤት አይገባም። እኛ ዘንድ ዋጋው ካለቀ በኋላ ሻጩ ገመዱን ይዞ ይመርቃል፤ ገዢው አሚን ብሎ ይቀበላል። ይህን ሳያደርጉ የነዱት ሁሉ ገደል ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፈረስ የፈለግሁት ለባለቤቴ ለሸህ አሕመዲን ነው። እግሩን ከያዘው አምስት ወር ሆነው፤ መስጊዱ ደግሞ ከዳገቱ ላይ ነው። በየጁምዓው አዛኑን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በሃምሳ ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ አላየሁትም፤ አሁንም አላይም ብዬ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ መካነ ሰላም ገበያ ወጣሁ።

ከከብት ተራው አንድ ቡላ ፈረስ ዓይኔን ያዘው። የደረቀ ሣር የመሰለ፣ ጋማውና ጭራው ጥቁር፣ በጀርባው ጥቁር መስመር የወረደበት። ዝም ያለ ነው፤ ሽማግሌ የሚሸከም ፈረስ እንዲህ ነው። ልቤ ወደደው፤ ስለወደድሁትም አፌ ይሰድበው ጀመር። የወደደውን የሚያወድስ ገዢ ቂል ነው።

የሚሸጠው አራጋው የሚባል የወግዲ ሰው ነው።

«ጥርሱ አልቋል» አልሁት።

«እሜቴ፣ ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ አፉን ከፍተው ይዩት።»

«ስትዋሽ ያንተን አፍ አየሁት፤ ይበቃኛል።»

ሰው ሳቀ። ሲስቁልኝ ልብ ልብ አለኝና ጨመርሁበት፤ «ዓይኑን እዩትማ! ይኼ ጌታውን ቀብሮ የመጣ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አራጋው መሬት መሬት አየ። ከፈረሱ ማዶ እግሯ ብቻ ይታየኝ የነበረች ሴት ብቅ አለች፤ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች።

«በዛች ትባላለች፤ የወንድሜ ሚስት ናት» አለኝ አራጋው። «ወንድሜ ካረፈ ሦስት ወሩ ነው። ፈረሱ የሱ ነበር።»

ዋጋውን ያለ ክርክር ጨረስን። አራጋው ገመዱን ለበዛች አቀበላት፤ ከብቱ የሷ ነውና መራቂዋም እሷ ናት። እሷ ግን እጄ ላይ ጣለችው።

«ምርቃቱስ?» አልኋት።

«ጌታውን ለቀበረ ፈረስ ምን ምርቃት አለው? ይውሰዱት፣ እናቴ።»

«እኔ ልመርቅዎ» አለ አራጋው።

«አንተ አፍህን ያዝ» አልሁት። የሱ ምርቃት ምን ይረባኛል? የከፋት እሷ ናት። ሸህ አሕመዲንን ልቧ ባዘነ ሴት ፈረስ ላይ አውጥቼ ወደ አላህ ቤት ልልከው? ትቼው ልሂድም ብል የፊታችን ጁምዓ ያ ግድግዳ አለ።

እኔ ለሰው ጎንበስ ብዬ አላውቅም፤ ለአማቴም አላልሁ። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳሁና ጫንቃዬ ላይ አደረግሁ። ገበያው ሁሉ ያየኛል፤ ይየኝ።

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ። ሐዘንሽን አላወቅሁም። ባላውቅም ንግግሬ ክፉ ነበር።»

ድንጋዩ ከበደኝ፤ አላወረድሁትም። ኋላ መጣችና በሁለት እጇ ተቀብላኝ መሬት አስቀመጠችው።

«ማን ሊቀመጥበት ነው?»

«ባለቤቴ። እግሩን ይዞት መስጊድ ከቀረ ቆየ።»

የፈረሱን አንገት አሻሸች። «ወንዝ ሲደርስ ቆሞ ያሸታል። እንዳይመቱት፤ ራሱ ይገባል።» ከዚያ ገመዱን ከእጄ ወስዳ በሁለት መዳፏ ያዘችው። «ወጥቶ የሚመለስ ያድርገው። የጫነውን አይጣል። ባለቤትዎን ለዓመቱ ያድርስልዎ።»

«አሚን» አልሁ። «ያንቺንም ሰው ነፍሱን ይማረው።»

«አሜን» ብላ ገመዱን ሰጠችኝና ወደ ኋላ ሳታይ ሄደች። ፈረሱ አንገቱን አዙሮ ተከትሎ አያት። ከሰው መሀል እስክትሰወር ድረስ ገመዱን አልሳብሁም።