የጎረቤት መኪና

አባቷ ይነዳል፤ እሷ የትራፊክ መብራት ታነብለታለች። ነገሩን ግን ሁለቱም በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ኧረ ይሄ ቀይ ዛሬ አለቅም አለ» ትላለች፣ ወሬ አስመስላ፤ እሱ ፍሬን ይይዛል። «እያት ያቺን ሴትዮ፣ ስልኳን እያየች መሀል መንገድ ገባች!» ትላለች፤ ይቆማል። ሴትዮዋ ካለፈች በኋላ «የዘንድሮ ሰው ዓይን የለውም» ይላል አባቷ፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳት እሱ ነው። አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ እግሯ ወለሉን ሳይነካ ከጎኑ ተቀምጣ ጀመረች። አሁን ራሷ አስተማሪ ናት፣ ሽበትም ጣል ጣል አድርጎባታል፤ እሱ ግን ዛሬም ቁልፉን እያቅጨለጨለ በር ላይ ይጠብቃታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ዝም ያለ ቤት ሆኗል። ማታ እሱ ሬዲዮኑን፣ እሷ የተማሪዎቿን ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ። አባትና ልጅ የሚያወሩት መኪና ውስጥ ነው።

ጡረታ እስኪወጣ መካኒክ ነበር። ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ጆሮ» ነበር የሚሉት። መኪና ሲመጣለት ኮፈን ለመክፈት አይቸኩልም። ዓይኑን ጨፍኖ ይቆምና «አስነሳት... በቃ፣ አጥፋት» ይላል፤ ከዚያ ጣቱን ቀስሮ ብልሽቱ ያለበትን ያሳያል። አንድ የማይሻር ሕግም ነበረው፤ ብልሽቷ የታወቀ መኪና ሳትሠራ አታድርም። «ሌሊቱን ሙሉ ስትጠራኝ ታድራለቻ» ይል ነበር።

የዓይኑን ነገር ሐኪሙ በግልጽ ነግሮታል። በሽታው ግራና ቀኙን በልቶ ጨርሷል፤ የቀረችው መሀሉ ናት፤ በቱቦ ውስጥ አጮልቆ እንደማየት ነው፤ የሄደውም አይመለስም። አባቷ ከሐኪም ቤት ሲወጣ «ትንሽ ደመና ነው፣ ያልፋል» አለ፤ ደረጃውንም በእግሩ እየዳበሰ ወረደ።

ከዚያ የወንበሩ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ከግቢ ወደ ኋላ ሲወጣ የሆነ ነገር ከጎማው ሥር ተሰነጠቀ። የጎረቤታቸው የሽማግሌው የፕላስቲክ ወንበር ነበር። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ ያን ዕለት ውሃ ሊጠጣ ገባ ብሎ ነበር። ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣና የወንበሩን ስብርባሪ አየ።

«አንተ ጆሮ! ዕድሜ ልኬን መኪና ሳይኖረኝ ኖሬ በመኪና ልትገድለኝ ነው?»

«ወንበር ነው፣ ይገዛል» አለ አባቷ፤ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቀ። እሷ ግን ስብርባሪውን ልትለቅም ወረደች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት፣ አባቷ ጋደም ባለበት፣ መድኃኒት ቤት የሚሠራውን ታናሽ ወንድሟን ጠርታ ወጥ ቤት ተቀመጡ። እሷ ለሥራ ቅጥር የሚፈተኑ ሰዎችን የማመዛዘን ጥያቄ ታስተምራለች። አንድ ችግር ይጻፋል፤ ከሥሩ እርምጃዎች ይደረደራሉ፤ ተገቢው የቱ ነው? «እርምጃው ችግሩን ካልነካው ጣሉት» ትላቸዋለች። «የማይቻል ከሆነም ጣሉት። ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ከሆነም እንዲሁ። ጥያቄው ውስጥ ያልተጻፈውን ደግሞ ከኪሳችሁ አታምጡ።»

«በቃ እንንገረው» አለ ወንድሟ።

«ሐኪሙ ነግሮት የለ? ደመና ነው አለ።»

«ቁልፉን ደብቂው።»

«ቤቱን ሲያገላብጥ ይውልና ሌላ ያስቀርጻል። እኛም በሽምግልናው ሌባ ሆንበት ማለት ነው።»

«እሺ ለትራፊክ እንጠቁምና መንጃ ፈቃዱን ይቀሙት።»

«በገዛ ልጆቹ ጥቆማ? ያን ቀን ፊቱን አንተ ታየዋለህ?»

ወንድሟ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «እታለም፣ ወጥ ቤቱን ክፍል አደረግሽው እኮ። እኔ እንደሆነ ወድቄያለሁ፤ መልሱን ንገሪኝና ልሂድ።»

«መኪናዋ ራሷ እምቢ ትበለው» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«አንዲት ዕቃ እነቅላለሁ። አትነሳም። ይሞክራል፣ ይሞክራል፣ ሲደክመው ይተዋታል። ማንም አልከለከለው፣ ማንም አላዋረደው። መኪና አረጀች፣ በቃ።»

«ጆሮ እኮ ነው፤ ያገኘዋል!»

«ከመሪው ሥር ጨለማ ውስጥ ነው። አያየውም።»

ወንድሟ ጥቂት አሰበ። የሚጥለው ነገር አጣ። እሷም አጣች። ችግሩን ይነካል፣ ይቻላል፣ ቢያስፈልግ ዕቃዋ ትመለሳለች፤ ጉዳት የለውም። በልቧ ትንሽ ኩራትም ተሰማት።

አባቷ ገና ሲያንኮራፋ ወጣች። ከመሪው ሥር ተንበርክካ የፊውዙን ሳጥን ክዳን አነሳች። የምትፈልጋት የክብሪት ቀፎ የማታክል ጥቁር ሪሌ ናት፤ ለነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ የምታቀብለው እሷ ናት። ቦታዋን ያሳያት ራሱ አባቷ ነው፣ ድሮ፣ በልጅነቷ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አስነካት። «ቁልፉን ግማሽ ስታዞሪው ከዚህ ሥር እንደ ንብ እምም ይላል። ፓምፑ ነው። ቤንዚን ልኬያለሁ፣ ተነሺ ማለቱ ነው» አላት። ቀጥሎ ሪሌዋን አሳያት። አሁን ሪሌዋን ብቻ አስታወሰች፤ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

በነጋታው ጠዋት ከጎኑ ተቀመጠች። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ክርር፣ ክርር አለና ቀረ። አባቷ ቁልፉን መለሰው፤ እንደገና ግማሽ ድረስ ብቻ አዞረና ቆየ። አንገቱን ወደ ኋላው ወንበር ዘመም አደረገ፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚያናግረው ይመስል። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። እሷ ደጅ ደጁን አየች።

«እምቢ አለች» አለ በመጨረሻ። «በአውቶቡስ ሂጂ፣ የኔ እናት። እንዳይረፍድብሽ።»

ከሥራ ስትመለስ ግቢው ጋራዥ ሆኖ ጠበቃት። የሞተሩ ካንዴላዎች ወጥተው ጋዜጣ ላይ ተደርድረዋል። አባቷ ተንበርክኮ የባትሪውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። በነጋታው ቱቦዎቹን ፈታ። በማግስቱ መልሶ ገጠማቸው። አንድ ቀን ጣቱን ብረት ቆርጦት በጨርቅ ጠቅልሎ አገኘችው። «ምንም አይደል፣ የድሮ ጓደኛዬ ናት፤ ብትነክሰኝም አልቀየማት» አለ።

ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። የሚሠራው ቅደም ተከተል የለውም። «ከቀላሉ ጀምሩ» እያለ ስንቱን ወጣት ያስተማረ ሰው፣ ከከባዱ ጀምሮ ወደ ቀላሉ ሳይደርስ ይመለሳል። አረጀ፣ አለች በሆዷ። ሪሌዋን ልትመልስለት ወደ ቦርሳዋ እጇን ሰደደች። የተሰበረው ወንበር ትዝ አላት። ተወችው።

አንድ ምሽት የድሮ የሥራ ባልደረባው ደወለ። «ጎማ» ነው የሚሉት፤ ክብ ሰው ስለሆነ ነው። አባቷ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ምነው ጆሮ፣ መኪናህ አኮረፈችህ አሉ?»

«አኮረፈችኝ።»

«ባትሪዋን አየህ?»

«ባትሪ? ባትሪ እንደ ሳንድዊች የሚበላ ይመስልህ በነበረበት ዘመን ያስተማረህ ማን ሆነና!»

ጎማ ሳቀ። «በል ነገ ከሰዓት እመጣለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«አትምጣ።»

«ምን ችግር አለው?»

«አትምጣ አልኩህ እኮ። ተዋት። የኔ ናት።»

ቀጥሎ ጎማ፣ ቀልዱን ትቶ፣ «ኧረ ጆሮ... እርጅና እንደዚህ ነው እንዴ?» አለ። አባቷ ስልኩን ዘጋው። እሷ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ዕቃ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ እምብዛም የማትናገር ተማሪ እጇን አወጣች። ሰሌዳው ላይ ያለው ጥያቄ ሠራተኛ ስለሚያረፍድበት ፋብሪካ ነበር።

«መምህር፣ እርምጃ የሚወሰድበት ሰውዬስ አያመዛዝንም?»

«እንዴት?»

«ማለቴ፣ እኛ ይሄን ስናስብለት እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። «ጥያቄው ውስጥ አልተጻፈም» አለቻት። ተማሪዋ አንገቷን ደፋች። መምህሯም ጠመኔውን አንስታ፣ ቀጥሎ ምን ልትጽፍ እንደነበር ጠፍቶባት፣ መልሳ አኖረችው።

ዓርብ ማታ ወንድሟ መጥቶ ሦስቱም እራት በሉ። አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አልቻልኳትም» አለ።

ሁለቱም ልጆች ቀና አሉ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምተውት አያውቁም።

«ጆሮው ደነቆረ በሉ። ጎማም ሲስቅብኝ ይክረም። ገዢ ፈልጉላትና ሽጧት።» ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ጠረጴዛውን በመዳፉ እየዳበሰ ወሰደውና የሴት ልጁን እጅ ሲያገኝ እዚያው አጠገቡ አኖረው። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል።»

ወንድሟ ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ ነካ አደረጋት፤ ተሳካ ማለቱ ነበር። እሷ እግሯን ሰበሰበች።

ገዢ ለማግኘት ጊዜ አልወሰደም፤ ወንድሟ ማታውኑ የደወለለት ሰው ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ አያለሁ አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሪሌዋን በመዳፏ ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች። አባቷ ሳሎን፣ በግቢው በኩል ካለው ክፍት መስኮት ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። በሩን ቀስ ብላ ከፈተች፤ ተንበረከከች፤ የሳጥኑን ክዳን አነሳች።

ቦታው ባዶ አልነበረም።

ሌላ ሪሌ ተሰክቶበታል። አሮጌ፣ ጠርዙ የተላጠ፣ በጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን የተጠቀለለ። ፕላስተሩን አወቀችው፤ የአባቷ አጠቃለል ነው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ በጣት ሲዳብሱት እንዳይላቀቅ።

መሪው ጋ ተቀመጠች። ቁልፉን ግማሽ አዞረች። ከኋላ ወንበር ሥር እምም አለ፣ እንደ ንብ። እሷም ሳታስበው አንገቷን ወደዚያ አዘመመች፤ እንደዚያን ቀን ጠዋት እንደ አባቷ። ያን ጊዜ ገባት። የሰማው የንቧን ዝምታ ነበር። ዓይን አላስፈለገውም።

ብልሽቷ የታወቀ መኪና ሳትሠራ አታድርም። እንግዲያው የዚያኑ ቀን፣ እሷ ሥራ እንደሄደች፣ የድሮ ዕቃ ከሚያጠራቅምበት የቆርቆሮ ሳጥን አሮጌ ሪሌ ፈልጎ፣ በጨለማው ውስጥ በጣቱ ሰክቶ፣ ሠርቷታል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ካንዴላው፣ ቱቦው፣ የተቆረጠው ጣት፣ ለጎማ «አትምጣ» ማለቱ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሳይለው የኖረው «አልቻልኳትም»፣ ለመኪናዋ አልነበረም። ከእሱ ሌላ የሪሌዋን ቦታ የምታውቀው ማን እንደሆነች ለይቶ፣ ለምን እንደነቀለች ገብቶት፣ እሱም በበኩሉ እርምጃ መርጦ ኖሯል። እሷ እሱን እንዳላዋረደችው እንድታስብ፣ ራሱን አዋረደላት።

እጇ ቁልፉን እስከ ጫፍ አዞረው። መኪናዋ ባንዴ ተነሳች፤ ጠርቶ፣ ወጥቶ፣ ግቢውን የሞላ ድምፅ። ደንግጣ አጠፋችው።

ሬዲዮው ቤት ውስጥ ተዘጋ።

ጠበቀች። ያ ጆሮ ከመቶ መኪና መሀል የራሱን ለይቶ፣ ከመንገዱ ጫፍ ላይ «መጣች» የሚል ጆሮ ነው።

«ማነው እሱ?» አለ አባቷ በመስኮቱ።

ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«የጎረቤት መኪና መሰለችኝ» አለ እሱው። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። «ጥሩ ድምፅ አላት።»

ከአጥሩ ማዶ ሽማግሌው በአዲሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«አዎ አባዬ» አለች። «የጎረቤት ናት።»

ሁለቱን ሪሌዎች አየች፤ አንዱን በመዳፏ፣ ሌላውን በቦታው። የትኛው ይነቀል፣ የትኛው ይቅር፣ ማመዛዘን አቃታት።

«አባዬ፣ ሰኞ ታደርሰኛለህ?» አለች።

«በምን?»

«በእግር። እስከ አውቶቡሱ ድረስ።»

«መንገዱ መብራት አለው?»

«አለው። ሁለት ቦታ።»

አባቷ በመስኮቱ አንገቱን ወደ ድምፅዋ ዘመም አደረገ።

«መብራት ማንበቡ አልሰለቸሽም?» አለ።