ብቻዋን የተፈለፈለችው

ዕድሜውን በአውቶቡስ መሪ ላይ የፈጀው ሰው ጡረታ ሲወጣ ድርጭት ማርባት ጀመረ። ሥራው ቢቀየርም ሰፈርተኛው ስሙን አልቀየረለትም፤ ዛሬም ሾፌሩ ነው የሚለው። ሚስቱ በመጀመሪያው ሰሞን፣ ተሳፋሪ ናፍቆት ነው እያለች ትስቅበት ነበር።

ያኔ እሷም ቤት ነበረች። ልጃቸው በሌላ ከተማ ስትወልድ አራሷን ልትንከባከብ ሄደች። ወር ቆይቼ እመለሳለሁ ብላ ነበር። ቀጥሎ ሕፃኑ ዳዴ እስኪል አለች፤ ዳዴ ሲል ሁለተኛው ተረገዘ። ማንም ከማንም ሳይጣላ፣ የመለያየት ቃል ሳይነሳ፣ ሚስት እዚያ ባል እዚህ ቀሩ።

ቀድሞ ሾፌሩ መፈልፈያ ማሽኑን በአንድ ጊዜ ሞልቶ፣ የተፈለፈሉት አድገው እስኪወጡ ይጠብቅ ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ ግን በየሰኞው ከሌላ አርቢ ጥቂት ጥቂት እንቁላል እየገዛ ማስገባት ያዘ፤ የየሳምንቱንም እንዳይምታታበት በእርሳስ ምልክት ያደርግበታል። ጀማሪዎቹን በቀን ደጋግሞ ያገላብጣል። ሊፈለፈሉ የተቃረቡትን መነካካት ስለማያስፈልግ፣ እርጥበትም ስለሚሹ፣ ለይቶ ወደ ሌላ ትንሽ ማሽን ያዛውራቸዋል። ሳሎኑን አምፖል የተንጠለጠለባቸው የጫጩት ሳጥኖች ሞልተውታል፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዳይረግጡ የየሳምንቱ ለየብቻ ነው። ለጠየቀው ሁሉ፣ ለገበያ እንዲመች ነው ይላል። እውነቱ ግን ቤቱ ጭር እንዳይልበት ነበር። አንደኛው ዙር ድምፁ ሲጎረንን ሌላው ጪጪ ማለት ይጀምራል።

ሌላም ጥቅም ነበረው። ልጁ «አባዬ፣ ና እንጂ» ባለችው ቁጥር ማሽኑ ውስጥ የደረሰ እንቁላል አይጠፋም። ይሄኛው ዙር ይውጣና ይላታል። ያ ሲወጣ ሌላው ይደርሳል።

በዝናቡ ወራት መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሾፌሩ ማሽኖቹን በብርድ ልብስ ጠቀለላቸው፤ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እየሞላ ውስጣቸው አስቀመጠ። አልሆነም። ለመፈልፈል ከደረሰው ዙር አንዲት ጫጩት ብቻ ወጣች፤ ከአውራ ጣቱ ጫፍ የማትበልጥ፣ ጀርባዋ ላይ ቢጫ መስመር ያለባት። የቀሩትን እንቁላሎች አንድ በአንድ ጆሮው ላይ እያስጠጋ አዳመጣቸው። ዝም ብለዋል።

ጫጩቷ መብራቱ ከመጣ በኋላ ሙቀት አላጣችም። መኖዋ ደቆ፣ ውሃዋም እንዳትሰጥም ጠጠር ተጨምሮበት ቀርቦላታል። ለቅሶዋን ግን አላቆመችም። ባለፈው ሳምንት ከተፈለፈሉት ጋር ቢቀላቅላት አናቷን ይነቁሯት ጀመር፤ ነጥቆ አወጣት። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ መሰላል ልትዋስ መጥታ አየቻትና፣ ብቸኝነቱ ይገድላታል፣ የምትሸጎጥበት ነገር ይፈልጉላት ጋሼ አለችው። አሮጌ የሱፍ ጓንት አምፖሉ አጠገብ አንጠለጠለላት። የጓንቱ ጣቶች መሃል ገብታ ዝም አለች። እሱ ከክፍሉ ሲወጣ ግን እንደገና ጀመረች። ምን ያድርግ፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ ዋለ። ለቀናት ከሰላምታ በቀር ያልተናገረ አፉ ተፈታና፣ ፍሬን ስለበጠሰበት ቁልቁለት፣ ሂሳብ ላለመክፈል እንቅልፍ ስለሚያስመስሉ ተሳፋሪዎች ያወራላት ገባ።

አመሻሽ ላይ ሚስቱ ደወለች። ጫጩቷን በመዳፉ እንደያዘ ስልኩን አነሳ።

«ምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለች።

«ጫጩት ነች። ብቻዋን ተፈልፍላ ነው።»

እንደወትሮው ስለ ልጆቹ ጉንፋንና ስለሚያፈስሰው ጣሪያ ያወራሉ ብሎ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር አነሳች። ከኋላዋ ሕፃናት ይንጫጫሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ነይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ልጅቷን ትተሽ እንዴት...»

«መምጣቴን አይደለም፤ ማለትህን ነው የጠየቅኩህ።»

ሾፌሩ እምቢታዋን ከመስማት አለመጠየቅ ቀሎት እንደኖረ ገባው።

«ነይ» አላት።

«አልችልም» አለች፤ ድምጿ ግን ለስልሶ ነበር። «አንተ ና። ለጥየቃ ሳይሆን ልትኖር።»

ይሄኛው ዙር ይውጣና ሊል አፉን ከፈተና መለሰው። አስብበታለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በቀጣዩ ሰኞ ለማሽኑ የመረጣቸውን እንቁላሎች ጠብሳ እንድትበላቸው ለልብስ ሰፊዋ ሰጣት። ቀድሞ የገቡት፣ ገና ጀማሪ ስለነበሩ ብርዱ ያልጎዳቸው፣ ጊዜያቸውን ጠብቀው ወጡ። ብቸኛዋን ጫጩት ከአዲሶቹ ጋር ሲቀላቅላት በአካል ትበልጣቸው ነበር፤ ሆኖም ተቀበሏት፤ ሲሰነብት ከመካከላቸው መለየት አቃተው። ከዚያ በየሳምንቱ ከሳሎኑ አንድ ሳጥን እየቀነሰ ሄደ። ያደጉትን ልብስ ሰፊዋ ልታረባቸው ከነሳጥናቸው ወሰደቻቸው።

የመጨረሻዎቹ በሄዱ ማግስት ሾፌሩ የነቃው በዝምታው ነው። የፈራው ደረሰ። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ እንኳ የሌላ ሰው ቤት ድምፅ መሰለው። ለልጁ ደውሎ ቅዳሜ እመጣለሁ አላት። ስለ እንቁላሉ ስትጠይቀው፣ አልቋል ብሎ መለሰላት።

ከዚያ ሻንጣውን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዶ አቧራውን ጠረገ። ለጉዞ ልብስ የምታዘጋጅለት ሁልጊዜ እሷ ነበረች፤ ለመኖር የሚሄድ ሰው ምን ምን እንደሚይዝ ግራ ገብቶት፣ ሻንጣውን ከፍቶ ብዙ ቆመ።