ከኋላ የሚሄደው ባንዲራ

«እግርሽን ነው ወይስ ጎንሽን ነው የሚወጋሽ?» አለ ሰይፈ ሥላሴ።

ከፊቱ ያለችው እስከዳር መልስ አልሰጠችም። ሩጫ ትበለው እንጂ ከእሱ እርምጃ ብዙም የፈጠነ አልነበረም። ሌሎቹ ሯጮች ዳገቱን ተሻግረው ከዓይን ከጠፉ ቆይተዋል። እሷ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ከእሷ ቀጥሎ ሰይፈ ሥላሴ ቢጫ ባንዲራ ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄዳል፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ የደከመ ሯጭ የምታነሣ አንዲት ፒካፕ ታዘግማለች።

«ዝም ያልሽው ተቀይመሽኝ ነው ወይስ ትንፋሽ አጥሮሽ?»

«ጋሼ፣ እየሮጥኩ እኮ ነው!»

«እሱማ ይታየኛል።»

ዝምታ አይሆንለትም። ሰይፈ ሥላሴ ደባርቅ ገበያው አጠገብ ፀጉር ቤት አለው። መቀስ ጆሮው ሥር እየተንቀጫቀጨ ጥያቄ የሚሸሽ ደንበኛ ስለሌለ፣ የከተማውን ጉዳይ ሁሉ ጠይቆ የጨረሰ ሰው ነው። ያልገባው አንድ ነገር ቢቀር፣ ሁለት ሯጮች እኩል ሲገቡ ማን እንደቀደመ በምን እንደሚታወቅ ነበር። የስፖርት ክበቡ ለዓመታዊው ሩጫ በጎ ፈቃደኞች እፈልጋለሁ ሲል ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ሮጦ የተመዘገበው ለዚሁ ነው፤ ልቡ ያለው የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር።

ሥልጠናው በትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰጠ። አሠልጣኙ ባርናባስ ከጎንደር የመጣ፣ ነገር የማያከር ወጣት ነው። ውሃ የሚያቀብሉት ኩባያውን እንዴት እንደሚይዙ፣ መታጠፊያ ላይ የሚቆሙት ክንዳቸውን እንዴት እንደሚዘረጉ እያሳየ ደጋግሞ አለማመዳቸው። «ሰው ወድቆ ብታዩ ፊሽካ ንፉ እንጂ ደግፋችሁ አታሩጡት፤ የተደገፈ ሯጭ ይሰረዛል» ሲል አዳራሹ አጉረመረመ። የወደቀን ላለማንሣት ሥልጠና ሲሰጥ ያየ ሰው በመካከላቸው አልነበረም።

ሥራ ሲደለደል የመጨረሻው መስመር ለመምህራን ሆነ። ለሰይፈ ሥላሴ ቢጫው ባንዲራ ደረሰው፤ ቅር ቢለውም ወዲያው ጥያቄ መጣበት።

«ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«የሩጫው ጅራት ነው» አለ ባርናባስ። «ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ይዘውት ይሄዳሉ። አይሮጡም፣ አይቆሙም፤ በአንድ ዓይነት እርምጃ ብቻ። ባንዲራው ያለፈው ሯጭ ከውድድሩ ወጥቷል ማለት ነው።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ይሄዳሉ።»

«ከብት መንገዱን ቢዘጋውስ?»

«ዞረው ያልፋሉ።»

«ለቅሶ ቢያጋጥመኝስ?»

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። «ምነው፣ ሟርት!» አለች ከጎኑ የተቀመጠች ሴት። ባርናባስም ሣቁን መመለስ አቅቶት፣ «ጋሼ ሰይፈ ሥላሴ፣ ባንዲራው አይቆምም» ብሎ ወደ ሌላው ዞረ። ሰይፈ ሥላሴ ሣቁን ከምንም አልቆጠረውም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምቷል።

አሁን ግን ከዳባት በኩል በሚመጣው አስፋልት ላይ፣ ንፋሱ የታጨደውን የገብስ ማሳ አቧራ እያመጣ ፊቱ ላይ ሲበትነው፣ የሚጠይቀው እስከዳርን ብቻ ነበር።

«ግን ሯጭ አትመስይም። ምን አስገባሽ?»

«ሆቴል ነው የምሠራው» አለች በመጨረሻ፣ ከመለሰችለት የሚተዋት መስሏት። «ወጥ ቤት። ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምሳ እቋጥራለሁ።»

«እና?»

«የት ተቀምጠው እንደሚበሉት ማየት እፈልጋለሁ።»

«ደባርቅ ተወልደሽ ተራራውን አላየሽውም?»

«ከታች ሆኜማ በየቀኑ አየዋለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የተራራ አብሳዮች ማኅበር አዲስ ሰው ሊወስድ ነው። ይህን ሩጫ በወጉ ያልጨረሰ ዳገቱን አይችልም ብለዋል። ባንዲራው ከቀደመኝ… ቀረ።»

ሰይፈ ሥላሴ ደነገጠ። ባንዲራውን እስካሁን እንደ ዱላ ይዞት ነበር እንጂ የሰው ዕድል ይዣለሁ ብሎ አላሰበም። ያስወራትም እሱ፣ ትንፋሿን የጨረሰውም እሱ። አፈረ፤ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ሳሉ ነው ከገጠሩ መንገድ ሰዎች ወደ አስፋልቱ የወጡት። ፊት ፊት ካህናት ጥላ ዘርግተው፣ ከእነሱ ቀጥሎ አልጋ በትከሻቸው የተሸከሙ ወንዶች፣ ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያጣፉ ሴቶች። ቤተ ክርስቲያኑ እስከዳርና ሰይፈ ሥላሴ ትተውት የመጡት መታጠፊያ ላይ ስለነበር፣ አስከሬኑ ወደ እነሱ መጣ።

እስከዳር ቀጥ ብላ ቆመች። አማተበች።

«አንቺ ልጅ፣ በዳር በኩል እለፊ እንጂ!» አለ ሰይፈ ሥላሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በሬሳ ፊት ልሩጥ?»

ባንዲራው አይቆምም ተብሏል። ግን ጥቂት እርምጃ ቢራመድ ያልፋታል። እግሩ ራሱ ቆመ፤ ባንዲራውንም ከትከሻው አውርዶ ጠቀለለው። ከኋላ የነበረችው ፒካፕም ሞተሯን አጠፋች።

አስከሬኑ እስከዳርን አለፈ። ያኔ ያላሰበው ነገር ሆነ፤ ልጅቷ ፊቷን አዙራ ከሴቶቹ ኋላ ተከተለች። ለካስ ልትሸኝ ነው። እሱም በሌላ ቀን ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ አስከሬን ያጋጠመው ሰው ጥቂት እርምጃ ሳይሸኝ አይሄድም። አሁን ግን ልጅቷ ወደ እሱ እየመጣች ነው፤ ቆሞ ከጠበቃት ታልፈውና በሩጫው አቅጣጫ ባንዲራው ከፊቷ ይሆናል። ስለዚህ እሷ ወደ ኋላ በተራመደች ቁጥር እሱ ከእሷ ይበልጥ ወደ ኋላ መራመድ ነበረበት። ባንዲራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ለቀስተኛውን ቀደመ፤ ቀድሞ ቀድሞ ካህናቱ ዘንድ ደረሰ።

ይባስ ብሎ ሰልፉ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆመ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ ቆሞ ፍትሐት ይደረሳል፤ አንደኛው እዚህ ደረሰ። አልጋው ወረደ፤ ካህናቱ ማዜም ጀመሩ።

«ማን ናቸው ያረፉት?» ሲል አጠገቡ የቆሙትን ሽማግሌ በሹክሹክታ ጠየቀ። ይህን መጠየቅ እንኳ ወግ ነው።

«እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው፣ ልጄ። ጎረቤታችን ነበሩ።»

«ነፍስ ይማር።»

«ያኑርህ።» ሽማግሌው ብብቱን አዩ። «ያ የያዝኸው ምንድን ነው?»

«ባንዲራ ነው አባባ። የሩጫ።»

«የሚሮጠው ማን ነው?»

ሰይፈ ሥላሴ ከሴቶቹ መካከል አንገቷን ደፍታ የቆመችውን እስከዳርን በአገጩ አመለከተ። ሽማግሌው ደኅና አድርገው አዩአት።

«ይችማ ቁማለች» አሉ።

ፍትሐቱ ሲያበቃ ሽማግሌው ሁለቱንም ጠርተው፣ «በሉ ይበቃል፤ ሸኝታችኋል። መንገደኛ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልን» ብለው አሰናበቷቸው። እስከዳር ዞረች፤ ሰይፈ ሥላሴ እስክትርቅ ጠብቆ ተከተላት። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

«የት ደረሱ?» አለ ባርናባስ። «ፖሊሶቹ መንገዱን ሊከፍቱ ነው!»

«ለቅሶ አጋጠመን።»

«የእውነት?»

«ጠይቄህ ነበር እኮ።»

«ነፍስ ይማር» አለ ባርናባስ፣ ድምፁ ተለሳልሶ። «ግን እኔም የተሰጠኝ ፈቃድ አልቋል። ሁለታችሁም ፒካፗ ላይ ውጡና ኑ።»

«ልጅቷ ከወጣችማ ቀረባት። ባንዲራው ያለፈው ሯጭ ወጥቷል ብለኸኝ ነበር። ካላለፈውስ?»

«ጋሼ ሰይፈ ሥላሴ…»

«ለማወቅ ያህል ነው።»

«ካላለፈውማ አልወጣም» አለ ባርናባስ በረጅሙ ተንፍሶ። «ግን አስፋልቱ ይከፈታል።»

«በዳር በዳር እንመጣለን።»

ስልኩን ዘጋ፤ ለፒካፗ ሹፌር እለፍ ብሎ እጁን አወናጨፈ። ከዚያ በኋላ አይሱዙው ጡሩምባውን እየነፋ፣ ሚኒባሱ አቧራ እያለበሳቸው አጠገባቸው ያልፍ ጀመር። እስከዳር ትሮጣለች፣ ትራመዳለች፣ እንደገና ትሮጣለች። ሰይፈ ሥላሴ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጥያቄው እንደ ሽሮ ውስጡ እየተንተከተከ ቻለው፤ እንዲህ ያለ ሥልጠና ባርናባስም አልሰጠውም።

ደባርቅ መግቢያ ሲደርሱ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ሽልማቱ ተሰጥቷል፣ ሕዝቡ ተበትኗል፣ መምህራኑም ሄደዋል። ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ በኖራ የተሰመረ ነጭ መስመር ብቻ ቀርቷል፤ ከጎኑ ባርናባስ ሰዓቱን በእጁ ይዞ፣ እስከዳርን ሳይሆን ባንዲራውን እያየ ቆሟል።

ለማየት ሲጓጓለት የከረመው መስመር ይኸው፤ ጥቂት እርምጃ ነው የቀረው። ሰይፈ ሥላሴ ሳያውቀው እግሩ ፈጠነና ከእስከዳር ጎን ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

እስከዳር ኮቴውን ሰማች። መስመሩ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ታላቅ ሰው ከኋላዋ ሲመጣ በር ላይ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ፊቷ በላብና በአቧራ ተዥጎርጉሯል። እንደ ምንም ፈገግ ብላ እጇን ወደ መስመሩ ዘረጋች።

«ይቅደሙ ጋሼ።»

ባርናባስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰይፈ ሥላሴ መስመሩን አየ፤ ኖራው ከሩቅ እንደሚታየው ቀጥ ያለ አልነበረም። ስለ እሱ የሚጠይቀው ብዙ ነበረው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰና ባንዲራውን አጋድሞ፣ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ትንሽ ልረፍ» አላት። «አንቺ ግቢ።»