የአማቴ ቄጠማ

አማቴ የኖሩበት ረግረግ ተደፍኖ ፎቅ ሲሠራበት፣ አንድ የልብስ ጥቅልና ከነሥሩ የተነቀለ ቄጠማ ይዘው እኛ ቤት መጡ። ቄጠማውን ግቢያችን ካለው ቧንቧ ሥር ተከሉት። ጥቅሉን ግን ሳይፈቱ በሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«ቄጠማው ከጸደቀ እኖራለሁ፤ ከደረቀ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አሉ።

«አባባ፣ ቤትዎ እኮ ፎቅ ሆኗል!»

«ደረጃ መውጣት አያቅተኝም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የቄጠማው ጫፍ ሲገረጣ ግን ጫማቸውን መወልወል ጀመሩ። በባልዲ ባጠጣውም መሬቱ ወዲያው ጭልጥ ያደርገዋል።

«ቄጠማ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው የሚኖረው» አሉኝ። «ቧንቧው ትንሽ ቢያንጠባጥብለት ይበቃዋል።»

ችግሩ፣ ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዕድሜ ልኩን የሚያፈስ ሲዘጋ የኖረ ሰው! ላባቱ ሲል ቧንቧውን አላልቶ ለምሳ ቀረበ፤ ጠብ፣ ጠብ ሲል የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቀረ። ተነሥቶ አጠበቀው። ምሎ ተገዝቶ እንደገና አላላው፤ ሸሚዙን እየቆለፈ ሄዶ አጠበቀው። መፍቻውን ብደብቅበት በፎጣ ጠምዝዞ ዘጋው። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ የሱ አመል ግን ሊያስወጣ የተነሣው አባቱን ነው። ደሜ ፈላ።

ሄጄ ጠብታን ጠራሁት። ጠብታ የሠፈራችን ሌላው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የነካው ሁሉ ስለሚያፈስ ስሙን ያገኘው በላቡ ነው።

«እስኪ እንዲያንጠባጥብ አድርግልን» አልኩት።

ሰውዬው እንዲህ ያለ ሥራ ታዞ አያውቅም። ተጨነቀ፣ ተጠበበ፤ ጨርሶ ሲነሣ ከቧንቧው አንዲት ጠብታ አትወርድም። ባሌ እንኳ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

አማቴ ጥቅላቸውን አነሡ።

«በል እንግዲህ፣ ጥርቅም አድርገህ ዝጋልኝ!» ብዬ ጮኽኩበት።

«እሱማ ሙያዬ ነው፣ እትዬ» አለና ኮራ ብሎ አጠበቀው። ወዲያው ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

አማቴ ጥቅሉን አስቀምጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ከቄጠማው ጎን ጭቃው ውስጥ ከተቱ። ባሌ ከጠብታ እጅ መፍቻውን መንትፎ ተጠጋ። ቧንቧውን አየ፣ ያባቱን እግር አየ። አንጀቴን በላው።

መፍቻውን ላባቱ ሰጣቸውና ቤት ገባ። ሁለቱንም ጆሮውን በጥጥ ወትፎ ተመለሰ፤ ጫማውን አውልቆ አጠገባቸው ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ጥቅሉን ፍቺልኝ» አሉኝ አማቴ።