ለፌር የተለመነ ቅዳሜ

መሪማ ያን ቅዳሜ ያገኘችው ሱፐርቫይዘሯን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምና ነው። ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅዳሜ ኦፍ የወጣችባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፌሩ፣ ምግቡና ጨዋታው በድንኳን የሚዘረጋበት ባዛር፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይመጣል። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጇ ሳሊሐ በየዓመቱ «ማሚ፣ ዘንድሮ እንሄዳለን?» ትላለች፤ መሪማም በየዓመቱ «ኢንሻ አላህ» ትላለች፤ ፌሩም ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል።

ዘንድሮ ግን ታናሽ እህቷ ሰኢዳ ዲቪ ደርሷት ከኮምቦልቻ መጥታለች፤ ከመጣች አራተኛ ወሯ ነው። መሪማ ለሁለቱም ፌሩን ራሷ ልታሳያቸው ፈለገች። ባሏ ቡርሃን የኤርፖርት ሻትል ስለሚነዳ ሥራ ገብቷል። ሦስቱ ብቻ በመሪማ መኪና ከሰፈራቸው ከሲልቬራዶ ራንች ተነሡ። መንገድ ላይ መሪማ ስትመክር ነበር፤ ሰው ስለሚበዛ እንዳይጠፋፉ፣ ምግቡን ዝም ብለው እንዳይገዙ፣ ቦርሳቸውን እንዲይዙ። እሷም ፌር ገብታ እንደማታውቅ ግን አልተናገረችም።

በሩን አልፈው እንደገቡ መሪማ ቆማ ካርታውን ማንበብ ጀመረች። ሰኢዳ ሳሊሐን እጇን ይዛ ሃያ እርምጃ ርቃለች።

«እትዬ ነይ እንጂ! በስልኬ ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በቆሎ፣ ቀጥሎ ጨዋታ፣ የሚያሽከረክረው ነገር ከመብላታችን በፊት ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ግን ርቦኛል።»

በቆሎ የሚጠብሰው ሰውዬ ቅቤ ውስጥ ነክሮ ሰጣት። ሰኢዳ አገላብጣ አየችውና መለሰችለት። በእጇ ወደ እሳቱ እያመለከተች፣ «ሞር! ብላክ! ብላክ!» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። ጥቁር ጥቁር እስኪል ጠበሰላትና፣ ይህንንስ እንዴት ታዪዋለሽ ብሎ ሁለተኛውን ያለ ክፍያ ጨመረላት። መሪማ ከኋላ ቆማ ነጩን በቆሎዋን ይዛለች። ጠቆር ያለ በቆሎ እሷም ትወዳለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰጧትን ተቀብላ «ታንክ ዩ» ከማለት ሌላ፣ እንዲህ አድርጉልኝ ብላ ግን አታውቅም።

«እንኪ፣ ካንቺ ጋር ልቀይር?» አለቻት ሰኢዳ።

«ይሄው ይበቃኛል» አለች መሪማ።

ከበቆሎው በኋላ በዘይት የተጠበሰና ስኳር የተነሰነሰበት ኬክ በሉ። የሰኢዳ አፍንጫ ስኳር ነክቶት ሳሊሐ ፎቶ አነሳቻት። ከዚያ በውሃ ሽጉጥ ዒላማ የሚመታበት ጨዋታ ጋ ደረሱ። ሦስቱም ተቀመጡ። መሪማ ልቧ ተነሥቶ ነበር፤ ሽጉጡን ጥርሷን ነክሳ ነው የያዘችው፤ ልጇ ፊት ለማሸነፍ ቸኩላለች። ውሃዋ ግን ከዒላማው ወደ ጎን ይሄዳል። ደወሉ ሲጮኽ የሰኢዳ መብራት ነው የበራው። ሳሊሐን የሚያክል ቢጫ የአሻንጉሊት ዳክዬ ሰጧት፤ እሷም ወዲያው ሳሊሐን አሳቀፈቻት።

«ዩ አር ዘ ቤስት!» አለች ሳሊሐ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ።

መሪማ ስቃ አጨበጨበች።  ሳሊሐን ትምህርት ቤት፣ ጥርስ ሐኪም፣ የዋና ትምህርት የምታመላልሳት እሷ ናት፤ እንዲህ የተጠመጠመችባት መቼ እንደሆነ ግን ትዝ አላላትም።

በሰንሰለት ላይ የተንጠለጠሉ ወንበሮች የሚሽከረከሩበት ጋ ሲደርሱ ወንበሩ ሁለት ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። መሪማ ቦርሳዋን ልታስተካክል ስትል ሳሊሐ ቀደመች።

«ማሚ፣ ዳክዬውን ያዢልኝ፣ ኦኬ? እኔና አንቲ እንወጣለን። አንቺ ወገብሽን ያምሻል አይደል?»

ያማታል፤ እውነት ነው። ስለዚህ ዳክዬውን፣ የሰኢዳን ቦርሳ፣ የሳሊሐን ጃኬት፣ ግማሽ ሎሚናት የቀረበትን ትልቅ ኩባያ ታቅፋ አጥሩ ጋ ቆመች። ሁለቱ ከላይ ባለፉ ቁጥር ሳቃቸው ይመጣል፤ ይርቃል፤ ደግሞ ይመጣል። አጠገቧ የቆመች ሴት «ልጆችሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት። መሪማ ያልሰማች መሰለች።

ከዚያ ወርደው ብዙም ሳይሄዱ፣ ማይክሮፎን የያዘ፣ የሰው ዕድሜ እገምታለሁ የሚል ሰው አስቆማቸው። ከሁለት ዓመት በላይ ከሳተ ሽልማት ይሰጣል። ሰኢዳ ሳትጋበዝ ነው መድረኩ ላይ የወጣችው። ሰውዬው ዞሯት፣ አገጩን አሸት አሸት አደረገና ወረቀት ላይ «24» ብሎ ጻፈ። ሰኢዳ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። መታወቂያዋን ስታሳየው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ የገለባ ባርኔጣ ሸለሟት። ሰውዬው ጣቱን ወደ መሪማ ቀሰረ።

«አሁን ደግሞ እናቷ ትምጣ!» አለ በእንግሊዝኛ።

ሰኢዳ አልገባትም። «ምን አለ?»

«ማሚን ያንቺ እናት ናት ብሎ ነው!» ሳሊሐ በሳቅ ፍርፍር አለች።

ሰኢዳም ሳቀች። «በአራት ዓመቷ ወለደችኝ በይው!»

ተንኮል አልነበረበትም። መሪማም ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘችና አልወጣም አለች። ፊቷ ግን እሳት ሆኗል። ከአንድ ቤት የወጡ፣ በአራት ዓመት የሚበላለጡ እህትማማቾች ናቸው። እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ፊቷ ላይ ምን እንደሠሩ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት በማይክሮፎን ተነገራት።

«በሉ እንሂድ» አለች። «ነገ ሺፍት አለኝ።»

«ገና ሁለት ሰዓት አልቆየንም!» አለች ሳሊሐ። «ደግሞ ነገ ኦፍ ነሽ። ስኬጁልሽን ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንሂድ አልኩ!»

ሰኢዳ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ደክሞሽ ከሆነ ጥላ ሥር ተቀመጪ፤ እኔ ላጫውታት» አለች።

«የራስሽን ወልደሽ አጫውቺ!»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው መሪማ ራሷ የሰማችው። ሰኢዳ ሰባት ዓመት ትዳር ይዛ፣ አልወለድሽም ተብላ የተፈታች ናት። ያን ሌሊት ከኮምቦልቻ ደውላ ስታለቅስ እስኪነጋ ስልኩን ያልዘጋችው መሪማ ነበረች።

ሰኢዳ ቦርሳዋን ከእህቷ ትከሻ ላይ ቀስ ብላ አወረደችና ወደ መውጫው ሄደች። ሳሊሐ እናቷን አየቻት። አማርኛዋ ጎደሎ ቢሆንም ይሄን ሰምታዋለች።

«ማሚ፣ ለምን እንደዛ አልሻት?»

መሪማ እጇን ይዛ ሰኢዳን ወደ መውጫው ተከተለች።

ሰኢዳን መኪናው ጋ ቆማ አገኟት። መሪማ ሳሊሐን ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«አውፍ በይኝ፣ ሰኢዳ፤ አጥፍቻለሁ።»

«ይሄን የባሌ እናት ነበሩ የሚሉኝ» አለች ሰኢዳ፣ እንባ በሌለው ድምፅ። «እሳቸው ሲሉኝ አንቺ አለሽኝ ብዬ ነበር የምችለው።»

«ቀንቼብሽ ነው።»

«በምኔ? ቤት የለኝ፣ ሥራዬን ገና መጀመሬ፣ ያንቺ ሳሎን ነው የምተኛው።»

«በሳቅሽ። ልጄ ከእኔ ጋር እንዲህ ስቃ አታውቅም። ለዚህ ቀን ብዬ ሦስት ሳምንት ለመንኩ፤ መጥቼ ደግሞ ዕቃ ያዥ ሆንኩ።»

ሰኢዳ ረጅም ጊዜ አየቻት። «ለምን አልነገርሽኝም? እኔም ልውጣ ብትይ እኮ እኔ እወርድ ነበር።» ከዚያ የመኪናውን በር ከፈተች። «ሰምቼሻለሁ። ግን ዛሬ አውፍ አልልሽም፤ አልቻልኩም።»

ለአሥራ አንድ ቀን በሳሊሐ በኩል ካልሆነ አልተነጋገሩም። ቡርሃን ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ፤ ሁለቱም ምንም አሉት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መሪማ ከሥራ ገብታ ወገቧን ይዛ ጫማዋን ስታወልቅ ሰኢዳ አየቻትና፣ «ነይ ተኚ፣ ላሽልሽ» አለቻት። ቅባቱን አምጥታ ጀርባዋን አሸችላት። ስለዚያ ቀን ሁለቱም አላነሡም።

በወሩ መጨረሻ ሰኢዳ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ክፍል ተከራየች። መሪማ አልከለከለቻትም፤ ዕቃዋን በመኪናዋ አመላለሰችላት። ሱፐርቫይዘሯንም እንደገና ለመነች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ቅዳሜ ተፈቀደላት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ሳሊሐ ገና ከእንቅልፏ ሳትነሳ መሪማ ቁርስ ሠርታ ጠበቀቻት። ልጅቷ ግን ለብሳ ነው የወጣችው።

«አንቲ እየመጣች ነው። ስኬቲንግ ልንሄድ ነው።»

የመሪማ ቅናት አልጠፋም ነበር። ሳህኖቹን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። ሰኢዳ በሩን አንኳኩታ ስትገባ መሪማ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

«እኔም እመጣለሁ» አለች።

ሳሊሐና ሰኢዳ ተያዩ።

«በተሽከርካሪ ጫማ ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ሰኢዳ። «ትወድቂያለሽ።»

«እወድቃለሁ።»

ሰኢዳ እግሯን አየት አድርጋ፣ «ወፍራም ካልሲ አድርጊ» አለቻት።

መሪማ ያን ቀን አምስት ጊዜ ወደቀች። በአምስተኛው ሳሊሐ ልታነሣት መጥታ እሷም ላይዋ ላይ ወደቀች፤ ለመነሣት ሲሞክሩ ደግሞ ሁለቱም ተመልሰው ተቀመጡ። ሰኢዳ «እናንተ ተጫወቱ» ብላ ጫማቸውንና ቦርሳቸውን ይዛ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ነበር።